የኬብሉ ሰውዬና የኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት

ሰኞ ማታ ጅማ ላይ ዝናብ ጣለ። ጅማ ላይ ዝናብ መጣሉ ዜና እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዚህኛው ጥፋት ሰዓቱ ነው። እኔና እናቴ ሳሎን ቁጭ ብለን ፊልም እያየን ነበር። ፖሊሶቹ ትንሿን ልጅ ለብቻዋ አስቀምጠው መጠየቅ ጀምረዋል፣ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ "እንዳትናገሪ የኔ ልጅ፣ እንዳትናገሪ" እያለች ነው፣ ድርግም። መብራት ሄደ። ትንሽ ዝም ተባባልንና በጨለማው ውስጥ "ተናገረች እንዴ?" አለችኝ። ፊልሙን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። አልነገርኳትም። እስከ ማክሰኞ ከሰዓት አኮረፈችኝ።

ፊልሙ "ድሪሽያም" ይባላል። ዕይታ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ማለት ነው። ስሙ ለምን እንደተሰጠው የሚገባው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ የሂንዲውን አይታችሁት ይሆናል፣ አጄይ ዴቭገን የሚሠራበትን፣ በ2015 የወጣውን (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር)። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። መርካቶ በኩል ፊልም ለሚጭን ልጅ ፍላሼን ሰጥቼው "የህንድ ጫንልኝ፣ ዘፈን የማይበዛበት" ብዬው፣ ከአስራ ምናምን ፊልም ጋር ደባልቆ ሰጠኝ። ወደድኩት። ቆይቼ ነው ዋናው ሂንዲ እንዳልሆነ የሰማሁት። ዋናው የማላያላም ፊልም ነው፣ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተሠራ። ዋናውን ካየሁ በኋላ ወደ ሂንዲው አልተመለስኩም።

የህንድ ፊልም ሲባል ሁሉም ቦምቤይ የተሠራ ይመስለናል። ህንድም እንደኛው ናት፣ ቋንቋዋ ተቆጥሮ አያልቅም። ማላያላም የሚነገረው በደቡብ ምዕራቡ ጫፍ፣ ኬረላ በምትባል ክልል ነው። ባሕሩን ተከትላ የተዘረጋች ጠባብና ረዥም አገር ናት፣ ዝናብ የማያጣት። ከፍ ወዳለው ተራራ ሲወጣ ቡና፣ ሻይ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል አለ። ሄል እንግዲህ የኛ ኮረሪማ የአጎት ልጅ ነው። ፊልም ሠሪዎቻቸው ድሮ ማድራስ ነበር የሚሰባሰቡት፣ ዛሬ ማዕከላቸው ኮቺ የምትባል የወደብ ከተማ ናት። እኛም እዚህ ጅማ ቆጪ አለን፣ መንደራ ቆጪ። ከኛ ቆጪ እስካሁን ፊልም ሲወጣ አላየሁም እንጂ።

እናቴ ግን ማላያላምን ከኔ በፊት ታውቀዋለች። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ እስከ ደርግ ድረስ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ህንዳውያን አስተማሪዎች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ከዚችው ከኬረላ የመጡ ናቸው። ፊልሙ ከተጀመረ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። "ይሄ የሒሳብ አስተማሪያችን ቋንቋ ነው" አለች። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምሩት። ባለቤታቸው ምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ብቅ ሲሉ ግን እንዲህ ምላስ የሚጠቀለልበት፣ ውሃ እንደሚንዶቆዶቅ የሚፈስ ንግግር ይጀምራሉ። ልጆቹ ይስቁ ነበር። አሁን እናቴ አልሳቀችም። አንድም ቃል ሳይገባት፣ ከታች ያለውን ጽሑፍም ሳታነብ (መነጽሯ ጠፍቷል፣ እኔ ነኝ የማነብላት) ዝም ብላ ድምፁን ትሰማ ነበር።

ታሪኩን ልንገራችሁ፣ መጨረሻውን ግን አልነካም። ጆርጅኩቲ የሚባል ሰው አለ። ወላጅ የለውም፣ ትምህርቱን ከ4ኛ ክፍል አቋርጧል። ራጃካድ በምትባል ተራራማ የገጠር ከተማ በየቤቱ የኬብል ቴሌቪዥን እየዘረጋ ይኖራል። ሚስት አለችው፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፣ እጁም ትንሽ ጠበቅ ይላል። አንድ ሱስ ብቻ አለው፣ ፊልም። ማታ ማታ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ያያል፣ አንዳንዴ እስኪነጋ። የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከፊልም ነው። ፖሊስ ለበደለው ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሕግ ምክር ይሰጣል፣ ጠበቃውም ሕጉም ፊልም ውስጥ ያየው ነው።

አንድ ቀን ትልቋ ልጁ ላይ ክፉ ነገር ይመጣል። አንድ ጎረምሳ ሳታውቅ በስልኩ ቀርጿታል፣ በዚያ ያስፈራራታል። እናትና ልጅ ሌሊት ሲከላከሉ ልጁ ይሞታል። ጆርጅኩቲ ያን ሌሊት እንደልማዱ ቢሮው ፊልም እያየ ነው። የሞተው ጎረምሳ ደግሞ የፖሊስ አዛዥ ልጅ ነው፣ አዛዧም ሴት ናት፣ ጨካኝና ብልህ። ከዚያ በኋላ ያለው የ4ኛ ክፍል ሰውና የመንግሥት ጉልበት ፍጥጫ ነው። ሰውየው የአውቶቡስ ትኬት፣ የሆቴል ደረሰኝ፣ የሲኒማ ትኬት ይሰበስባል። ሰው ያናግራል፣ ይቀልዳል፣ ፊቱን ያስይዛል። ሰው በዓይኑ ያየውን ነገር ቶሎ አይረሳም፣ ቀኑን ግን ይረሳል፣ ቀኑን ደግሞ ሌላ ሰው ሊነግረው ይችላል። ከዚህ በላይ አልናገርም። ኬረላ ውስጥ "ኦገስት 2" ብትሉ ሰው ይስቃል ይባላል፣ ፊልሙን ያየ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

እኔ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ሄርማታ በኩል፣ እኛ ሰፈር፣ ቪዲዮ ቤት ነበረው።

የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ አግዳሚዎቹ ጀርባ የላቸውም፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥንና ዴክ አለ። ደጅ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፣ "ዛሬ 8 ሰዓት፣ አሚታብ" ይላል። የፊልሙ ስም አይጻፍም፣ አሚታብ ከተባለ በቃ። መግቢያው 50 ሳንቲም። ልጅ ከሆንክና ሳንቲም ካጠረህ መሬት ትቀመጣለህ። ሰውየው ራሱ ከኋላ በጅማ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ያ ሦስት እግር ያለው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ያየውን ፊልም ለሃያኛ ጊዜ ያያል። መጥፎ አመል ነበረበት፣ "አሁን ታዩታላችሁ፣ ወንድሙ ነው፣ በልጅነት የተለያዩ ናቸው" ይላል። ጩኸት ይነሳል። በሚቀጥለው ቀንም ይደግመዋል።

ሰፈሩ ውስጥ ጠብ ሲኖር የሚጠራው እሱ ነበር። አጎቴ በአጥር ምክንያት ከጎረቤት ጋር ፍርድ ቤት ሲካሰስ ይህ ሰው ቤታችን መጥቶ ቡና እየጠጣ "ዳኛ የሚያምነው ያየ ሰው ነው። ወረቀት ተወው፣ ያየ ሰው አምጣ" አለው። ከየትኛው ፊልም እንደወሰደው አላውቅም። አጎቴ ወረቀቱን ቤት ትቶ ምስክር ይዞ ሄደ። ተረታ። እስከ ዛሬ አጥሩ እዚያው ነው፣ ሁለት ክንድ ወደኛ ገብቶ።

እና ድሪሽያምን ሳይ ጆርጅኩቲ ለኔ ህንዳዊ አልነበረም።

አሁን ስለ አሠራሩ፣ ምክንያቱም እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ጂቱ ጆሴፍ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ሰዎች ስለ ሁለት ቤተሰቦች ችግር ሲያወሩ ሰምቶ እንደሆነ ተናግሯል። የወንዱ ወገንም የሴቷ ወገንም የሚታዘንላቸው ዓይነት ነገር። ፕሮዲውሰሩ አንቶኒ ፔሩምባቩር የሞሃንላል (ጆርጅኩቲን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ነው) ሾፌር የነበረ ሰው ነው። አዎ፣ ሾፌር። መኪና እየነዳ ጀምሮ አሺርቫድ ሲኒማስ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፣ ከዚያ ጌታውን እያሠራ በኬረላ ከሚጠቀሱ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ሆነ። ይሄ ራሱ ፊልም አይወጣውም?

ቀረጻው የተጀመረው በ2013 ኦክቶበር ላይ ነው። ሲኒማ ቤት የገባው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 19፣ በኛ ታኅሣሥ 10 ቀን 2006። ሦስት ወር አይሞላም! የተቀረጸውም ቶዱፑዛ በምትባል ከተማ ዙሪያ ነው። ቤት አለ፣ ሻይ ቤት አለ፣ እየተሠራ ያለ ፖሊስ ጣቢያ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ቢጫ መኪና አለ። በቃ። የሚፈነዳ ነገር የለም። ከሄሊኮፕተር የሚወርድ ሰው የለም። ዘፈን እንኳ ጣል ጣል ነው፣ ማንም ስዊዘርላንድ ሄዶ በረዶ ላይ አይጨፍርም።

ሞሃንላል ደግሞ እዚያ አገር ትንሽ ሰው አይደለም። ከ300 በላይ ፊልም ሠርቷል፣ ሕዝቡ "ላሌታን" ይለዋል፣ ላል ጋሼ እንደማለት። እንዲህ ያለ ኮከብ ፊልም ውስጥ ሲመታ መልሶ ይመታል፣ አሥሩን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ታዳሚው ፉጨቱን ይለቃል። እዚህ ፊልም ላይ አንድ ጉቦኛ ፖሊስ ሚስቱና ልጆቹ ፊት ይደበድበዋል። እሱ ዝም ይላል። ይወድቃል። ፊቱ ያብጣል። አይመታም። ሲኒማ ቤት ገብቼ ብሆን አግዳሚ እሰብር ነበር።

ያ ፖሊስ ሳሃዴቫን ይባላል። የሚሠራው ካላብሃቫን ሻጆን ነው፣ እስከዚያ ድረስ በቀልድ ነበር የሚታወቀው። የሰው ድምፅ በማስመሰል ያደገ ኮሜዲያን! በኛ አገር ብታስቡት ሁልጊዜ የሚያስቀን ሰው ድንገት ዱላ ይዞ የሕፃን ልጅ ፀጉር ሲጎትት ማየት ነው። ሳቅ የለመድንበት ፊት ሲጨክን የባሰ ያስፈራል። ይህን የመረጠ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከአርባ ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ለረዥም ጊዜ ምንም አይሆንም። ሰውየው ከሚስቱ ጋር ስለ ገንዘብ ይከራከራል። ልጆቹ መኪና እንዲገዛ ይለምኑታል። ሻይ ይጠጣል። የኬብል ክፍያ ይሰበስባል። የሂንዲውን ለጓደኞቼ በርጫ ላይ ከፍቼላቸው አንዱ "ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ፊልሙ ተጀምሯል?" ብሎኛል፣ ከሂንዲው ደግሞ የማላያላሙ ነው የበለጠ የሚንቀራፈፈው።

እኔ ደግሞ ፊልሙ ያስገባውን ገንዘብ ያመጣው ያ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። አስቡት፣ ሬሳ ከመምጣቱ በፊት የዚያን ቤት ወጥ ቤት አውቀነዋል። ሚስትየዋ ስትናደድ ዕቃ እንዴት እንደምታስቀምጥ አውቀናል። ትንሿ ልጅ ምን እንደምትወድ አውቀናል። ስለዚህ ፖሊሶቹ በሩን ሲያንኳኩ የተንኳኳው የኛ በር ነው። እናቴ "የኔ ልጅ" ያለቻት ልጅ በማታውቀው ቋንቋ የምትናገር፣ ስሟን እንኳ በትክክል መጥራት የማትችላት ልጅ ናት። ይህንን ዱላና ጥይት አያመጣውም። አንድ ሰዓት ሙሉ አብሮ ሻይ መጠጣት ነው ያመጣው። ደግሞ ያ የሚያሰለቸው ሰዓት ውስጥ የተጣሉ ነገሮች በሙሉ በኋላ ይፈለጋሉ፣ ሻይ ቤቱ፣ የሚያናግራቸው ሰዎች፣ ንፉግነቱ፣ ሁሉም። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው የገባኝ፣ አንድም የተረሳ ዕቃ የለም።

ገንዘቡን ካነሳሁ፣ ከ50 ክሮር ሩፒ በላይ በማስገባት የመጀመሪያው የማላያላም ፊልም እሱ ነው። ክሮር 10 ሚሊዮን ነው፣ እንግዲህ 500 ሚሊዮን ሩፒ። ከዚያ የህንድ ቋንቋዎች ተቀባበሉት። በካናዳ ቋንቋ (አገሩ ካናዳ አይደለም፣ እዚያው ደቡብ ህንድ ነው)፣ በቴሉጉ፣ በታሚል፣ በሂንዲ። የታሚሉን ራሱ ጂቱ ጆሴፍ ነው ካማል ሃሰንን ይዞ የሠራው። ስሪላንካዎች በሲንሃላ ሠሩት። በ2019 ቻይናዎች ወስደው ታይላንድ ውስጥ ያለ ቻይናዊ ቤተሰብ አደረጉት፣ ከ1 ቢሊዮን ዩዋን በላይ አስገባላቸው። መጨረሻውን ግን ቀየሩት። ለምን እንደቀየሩት ብነግራችሁ የዋናውን ስለምነግራችሁ ዝም። በ2021 ደግሞ ሁለተኛው ክፍል በወረርሽኙ ምክንያት ሲኒማ ቤት ሳይገባ በቀጥታ በአማዞን ፕራይም ወጣ። እሱም ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ይሄኛውን እዩ።

የሚቆጨኝ ነገር አለ፣ ልናገረው። የኛ ፊልሞች ላይ ሁልጊዜ አንድ ቪላ አለ፣ አንድ ካፌ አለ፣ አንድ ጥቁር መስታወት ያለው መኪና አለ፣ ሁሉም አዲስ አበባ። ሰዎቹ ምን ሠርተው እንደሚበሉ አይታወቅም። ብር ስለሌለ ነው ይባላል፣ ይገባኛል፣ ብር የለም። ግን ቶዱፑዛ ላይ የነበረው ዝናብ እዚህም አለ፣ በነፃ ነው የሚዘንበው። አዌቱ ወንዝ አለ። ቡና የሚለቅሙ፣ በርጩማ የሚጠርቡ፣ ባጃጅ የሚነዱ ሰዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ሥራ ያላቸው። የጎደለው ያ አንድ ሰዓት ነው። ሰውየው ምን እንደሚሠራ፣ ሒሳቡን እንዴት እንደሚቆጥር፣ ከሚስቱ ጋር በምን እንደሚጣላ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው።

መብራቱ ማክሰኞ ማታ መጣ፣ ኩርፊያውም አልቆ ነበር፣ ጨረስነው። እናቴ መጨረሻው ላይ ታጨበጭባለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም አለች። "ያቺ ፖሊስ ግን እናት ናት እኮ" አለች። "እሷ ናት ያስደበደበቻቸው" አልኳት። "አውቃለሁ። ልጇ የት እንዳለ እንኳ አልነገሯትም።" ተነሥታ ሻማውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። በማግስቱ ጠዋት ቡና ስታፈላ እንደገና አነሣችው፣ "ቢያንስ አጥንቱን" አለች። የተኛችበት አይመስለኝም።

ፊልሙን ለቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ወሰድኩለት። ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ የለም፣ እዚያው ቦታ ላይ ሪሲቨርና ዲሽ ይጠግናል፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ለልጆች ፕሌይስቴሽን ያከራያል። ሸምግሏል። ፍላሹን ሰጠሁትና በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። የድሮው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሪሞት እየፈታ ነበር።

"እንዴት ነው?" አልኩት።

"የመጀመሪያውን ሰዓት አሳልፌ ነበር የማሳየው" አለ። "እኔ ቤት ቢሆን ሰው ብሬን መልስ ይለኛል።"

ስለዚያ ሰዓት ለእናንተ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት፣ ሬሳውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሻዩን። ሪሞቱን ሳያስቀምጥ ሰማኝ። ያሳመንኩት አልመሰለኝም።

"ሰውየው ጎበዝ ነው" አለ ቆይቶ። "ትኬቱን የያዘበት ዘዴ ጎበዝ ነው። ግን ዕድለኛ ነው።"

"እንዴት?"

የሪሞቱን ባትሪ በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ መልሶ ከተተው። ቻናል ቀየረበት፣ ሠራ።

"እኔ ሃያ ዓመት ሳሳይ አንድ ቀን ትኬት ቆርጬ አላውቅም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በየት ቀን፣ ከየት አመጣለሁ?" አለ። "የኔ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ታስሯል።"